ልጆቻችን የማይሠሩትን ስህተት ስናርም ዓመቱ እያለቀ ነው

ለክልላችን ትምህርት ቢሮ

ጉዳዩ፦ «የተለመዱ የእንግሊዝኛ ስህተቶች» በሚል ስለተላከልን ጥራዝና አብሮት ስለመጣው ትዕዛዝ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እኛ በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ነን። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እናስተምራለን። ቅሬታችንን መጀመሪያ ለርዕሰ መምህራችን፣ ቀጥሎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በዞኑ በኩል ለእናንተ በጽሑፍ አቅርበን ነበር። ከዞኑ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ነገር የለም። ፈተና እየደረሰ ስለሆነ ዝም ብለን መጠበቅ አልቻልንም። ለዚህ ነው በአደባባይ የምንጽፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ከቢሮው አንድ ጥራዝ ደረሰን። በእንግሊዝኛ ሰዋስውና በቃላት አጠቃቀም ላይ በብዛት ይታያሉ የተባሉ ስህተቶችን ይዘረዝራል። አብሮት የመጣው ሰርኩላር በሳምንት አንዱ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ለጥራዙ እንዲውል ያዛል። ተማሪዎች በየሳምንቱ ከጥራዙ እንዲፈተኑና ስንት ስህተት እንደሠሩ ከነስማቸው ክፍል ውስጥ እንዲለጠፍ ያዛል። የመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነጥብም ጥራዙን በጊዜው በመጨረሱ ይለካል። የተወሰደብን ክፍለ ጊዜ ልጆቹ አንቀጽ የሚጽፉበት ነበር።

ስህተት ይታረም መባሉን አንቃወምም። እንጀራችንም ሥራችንም ነው። ቅሬታችን ጥራዙ የያዘው የሌላ አገር ልጅ ስህተት መሆኑ ላይ ነው። ሰው እንግሊዝኛ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከመጣበት ቋንቋ ተነስቶ ነው። የለንደን ልጅ ስህተትና የደብረ ታቦር ልጅ ስህተት አይገናኙም።

አንደኛው ቅሬታችን ከዚሁ ይጀምራል። ጥራዙ ከየት እንደተወሰደ አልተጻፈበትም። ምሳሌዎቹ ግን ይናገራሉ። ስለ ቤዝቦል ጨዋታ ያወራሉ፣ ስለ ታንክስጊቪንግ እራት ያወራሉ። የተጻፈው እንግሊዝኛን ከእናታቸው አፍ ለሰሙ ልጆች ነው። ብዙ ገጽ የወሰደው ሁለቱን «ዜር» ስለመለየት ነው፤ «የእነሱ» የሚለውንና «እዚያ» የሚለውን። ከዚያ «ኢትስ» የሚለው ቃል መቼ ጭረት እንደሚደረግበት ይመጣል። ከዚያ ደግሞ «ኩድ ሃቭ» በማለት ፈንታ «ኩድ ኦቭ» ብሎ መጻፍ ነውር እንደሆነ ያስጠነቅቃል።

እነዚህ የጆሮ ስህተቶች ናቸው። የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ልጅ ቋንቋውን በሁለት ዓመቱ ይናገራል። መጻፍ የሚማረው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የሰማውን ይጽፋል፤ «ኩድ ሃቭ» በፍጥነት ሲነገር እንደ «ኩድ ኦቭ» ይሰማዋል። የእኛ ልጅ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። «ኩድ ሃቭ»ን መጀመሪያ የሚያገኘው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ነው። በጆሮው ብዙም አይሰማውም። በዲፓርትመንታችን የተማሪ ደብተር ስናርም ዓመታት አሳልፈናል። «ኩድ ኦቭ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከመካከላችን ያጋጠመው አንድም ሰው የለም። አሁን ግን ለማንም ያልታየ ስህተት እያስተማርን ነው። አንዳንዱ ልጅ እንዲያውም ስህተቱን ከጥራዙ ለምዶት በፈተና ላይ ጻፈው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ጥራዙ የዘለለውን ይመለከታል። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንድንጽፍ ፍቀዱልን፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ስለ ቤተሰቧ ጻፊ ተባለች። «ማይ ፋዘር አር ፋርመር። ዜይ ወርክ ሃርድ» ብላ ጻፈች። ጥራዙን ይዞ የሚያርም መምህር የባለቤትና የግሥ አለመስማማት ብሎ ቀይ ያሰምርበታል፤ ያልፋል። ልጅቷ ግን ነጠላና ብዙ ሳትለይ ቀርታ አይደለም። በቤቷ አባት አንቱ ነው የሚባለው። «አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ጠንክረው ይሠራሉ» ነው የምትለው። አባቷን «ሂ» ብላ መጥራት «እሱ» ብላ መጥራት ሆኖባት ነው። እንግሊዝኛ አክብሮትን በተውላጠ ስም አያሳይም፤ ንጉሡም «ሂ» ነው፣ ሕፃኑም «ሂ» ነው ብሎ አንድ ጊዜ ቁጭ አድርጎ የነገራት ሰው ቢኖር ስህተቱ በዚያው ቀን ይለቅቃት ነበር። እኛ ነገርናት፤ ለቀቃት። ይህ ነገር በጥራዙ ውስጥ አንድም መስመር የለውም።

የጊዜ አጠቃቀምም እንዲሁ ነው። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየደብተሩ ሞልቷል። ለምን? በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ምንም ችግር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ ሲን» ካለቀ ቀን ጋር አይሄድም፤ «ትናንት» ከመጣ «ሶው» ነው የሚባለው። ጥራዙ «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚል ርዕስ አለው። ሁለት መስመር ነው። የእኛ ልጅ የሚወድቅበትን ቦታ አይነካውም።

ጓደኛው ከውጭ ሲጠራው «መጣሁ!» የሚል ልጅ በእንግሊዝኛ «አይ ኬም!» ይላል። ገና ከወንበሩ አልተነሳም። ትምህርቱ ሲገባው «አይ አንደርስቱድ» ይላል፤ «ገባኝ» ማለቱ ነው። አማርኛ ራበኝን፣ ደከመኝን፣ ገባኝን በኃላፊ ግሥ ይናገራል፤ ስሜቱ ያለው ግን አሁን ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን በአሁን ጊዜ ነው የሚናገራቸው። ይህን ልዩነት በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስረዳት ይቻላል። ካልተረዳ ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም፣ ሥራ ይዞም ይዞት ይኖራል።

በቁጥርም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ሦስት ቀን ቆየሁ፣ አምስት ልጅ አለኝ» እንላለን። ቁጥሩ ብዛቱን ስለነገረን ስሙን ማብዛት ግድ አይደለም። ስለዚህ «ስሪ ዴይ» እና «ፋይቭ ስቱደንት» ተብሎ ይጻፋል። «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አማርኛ የሚያበዛውን እንግሊዝኛ አያበዛም። «መረጃዎች» ስለምንል «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ዕቃዎች» ስለምንል «ኢኪውፕመንትስ»፣ «ሠራተኞች» ስለምንል «ኦል ስታፍስ» እንላለን። ይህን የመጨረሻውን በመንግሥትና በግል መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ላይ በየጊዜው እናየዋለን። ከቢሮው ከመጡልን የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች በአንዱም ላይ አለ። ለማሳፈር አይደለም የምናነሳው። የ9ኛ ክፍሉን ልጅም የቢሮውን ባለሙያም ወደዚያ የሚገፋቸው ምክንያት አንድ ነው። ምክንያቱ ሳይነገር ስህተቱን መቁጠር ማንንም አያርምም።

መስተዋድድ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ሥርዓት ያለው ነው። አማርኛ መስተዋድድ ካለው ልጁ ይጨምራል፤ አማርኛ ከሌለው ልጁ ይቀንሳል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» ይመጣል። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» ይመጣል። «ወደ ክፍል ገባ» ስለምንል «ኢንተር ቱ ዘ ክላስ» ይመጣል። በሌላ በኩል «ሙዚቃ አዳምጣለሁ» በሚለው ውስጥ መስተዋድድ የለም፤ ልጁም «አይ ሊስን ሙዚክ» ብሎ «ቱ»ን ይተዋል። «ጠብቀኝ» በሚለው ውስጥ የለም፤ «ዌይት ሚ» ብሎ «ፎር»ን ይተዋል። ይህን ለተማሪ ስታሳየው ዓይኑ ይበራል። ስህተቱ ከስንፍና እንዳልመጣ ያያል፤ ቀጣዩን ስህተት ራሱ ቀድሞ ይይዘዋል።

ሌሎችም አሉ፤ በአጭሩ እንጥቀሳቸው። «ያገኘሁት ሰውዬ» በሚለው ግሥ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ሰውዬውን ታመለክታለች። ስለዚህ ልጁ «ዘ ማን ሁ አይ ሜት ሂም» ይላል፤ «ሂም»ን ማስቀረት ይከብደዋል። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን መጣ» ስለምንል «ኦልዞ» እና «በት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ። «አልበላህም?» ሲባል «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን መልሱ በ«ኖ» ነው የሚጀምረው። ይህ ቀላል ይመስላል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ልጅ በ«የስ» ጀምሮ በ«ኖት» ሲጨርስ ጠያቂው የትኛውን ይያዝ? ቴሌቪዥን «ክፈት» ስለምንል «ኦፕን ዘ ቲቪ» አለ። የሰዓት አቆጣጠራችንም አለ። ለመልእክት መልስ ሲጽፍ «አት ቱ» ያለ ልጅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ይሆናል፤ አንባቢው ግን ከቀትር በኋላ ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብሎ ነው የሚረዳው። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ለቃለ መጠይቅ በ«ቴን» ና ተብሎ በእኛ አሥር ሰዓት ሄደ። ጠያቂዎቹ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ነበር የደረሰው። ከዚህ ሁሉ ጥራዙ የሚነካው «ኦልዞ»ን ብቻ ነው፤ እሱንም በአንድ ምሳሌ።

በክፍላችን ያሉ ልጆች ሁሉ አፍ የፈቱት በአማርኛ እንዳልሆነም እናውቃለን። በሌላ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱት የሚሳሳቱት በሌላ መንገድ ነው። እነሱን የሚያስተምር ሰው የእነሱን ቋንቋ አይቶ መነሳት አለበት። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፒት ኮርደር የተማሪ ስህተት ተማሪው በአእምሮው የገነባውን ሥርዓት እንደሚያሳይ የጻፈው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። በየመምህራን ኮሌጁ ተምረነዋል። ወደ ክፍል ስንገባ ግን እንድንረሳው ታዘዝን።

ሦስተኛው ቅሬታችን ጥራዙ ስህተት ያልሆነውን ስህተት ማለቱ ነው። ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስ ይላል። ይህን ነገር ከ350 ዓመት በፊት፣ በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ጆን ድራይደን የተባለው የእንግሊዝ ገጣሚ ሌላውን ጸሐፊ ቤን ጆንሰንን ሲነቅፍ አንስቶት ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲሁ እየተናገሩ ኖረዋል። የታወቁ የሰዋስው መጻሕፍትም ዛሬ ስህተት አይሉትም።

ለእኛ ልጆች ይህ ሕግ ጉዳት አለው። «ዌር አር ዩ ፍሮም?» የሚለው ጥያቄ የሚጨርሰው በመስተዋድድ ነው። ልጁ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የተማረው ነው፤ ልክም ነው። በጥራዙ ሕግ ግን «ፍሮም ዌር አር ዩ?» መባል አለበት። ይህ ቃል በቃል «ከየት ነህ?» ነው! ያንን አነጋገር ለማስተው ስንት ዓመት ስንለፋ ኖረናል። አንድ ተማሪ በሳምንታዊው ፈተና ትክክለኛውን ጽፎ ዜሮ አገኘ። መምህሩ በቢሮው የመልስ ወረቀት መሠረት ማረም ስለነበረበት ዜሮውን ሰጠ። ልጁ «ቲቸር፣ እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያስተማራችሁኝ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ልክ ነበር።

በ«ቱ» እና በግሡ መካከል ተውሳከ ግሥ አይግባ የሚለውም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ ሄንሪ አልፎርድ በ1864 እ.ኤ.አ. ይህን አነጋገር ነቅፎታል፤ ክልከላው ግን የቋንቋው ሕግ አይደለም። የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን እዚያ ስህተት ላይ ለመድረስ እንኳ ገና ብዙ ይቀረዋል።

«ቢኮዝ» ብሎ ዓረፍተ ነገር አይጀመርም የሚለው ግን ለየት ብሎ መታየት አለበት። ልጆቻችን በዚህ ቃል በእርግጥ ይቸገራሉ። በአማርኛ «አልመጣሁም። ምክንያቱም አሞኝ ነበር።» ብለን በሁለት ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን። ልጁ ይህን ሲያዛውር «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ» የሚለውን ብቻውን ነጥብ አድርጎ ያቆመዋል። ያ በትምህርት ቤት ጽሑፍ ስህተት ነው። ችግሩ ግን በ«ቢኮዝ» መጀመሩ ላይ አይደለም። «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ፣ አይ ዲድንት ካም» ቢል ፍጹም ትክክል ነው። ጥራዙ ሁለቱንም በአንድ ላይ ከልክሎ ልጁን ከትክክለኛውም አራቀው።

አራተኛው ቅሬታችን የሞዴል ፈተናው ነው። ከቢሮው የመጣው የ12ኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ቢያንስ በሁለት ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ይዟል። አንዱ «ዘ ቲቸር፣ ቱጌዘር ዊዝ ሂዝ ስቱደንትስ» ብሎ ይጀምርና ግሡን ያስመርጣል። ባለቤቱ መምህሩ ነው፤ ነጠላ ነው፤ መልሱ «ኢዝ» ነው። በቢሮው የመልስ ወረቀት ላይ «አር» ነው ይላል። ሁለተኛው «ዳታ» የሚለውን ቃል የሚመለከት ነው። ቃሉ ከላቲን ሲመጣ ብዙ ቁጥር ነበር። ዛሬ ግን በነጠላም በብዙም ይነገራል። ምርጫዎቹ ሁለቱንም ይዘዋል፤ ልክ የተባለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁለት ልክ መልስ ያለው ጥያቄ የሚቀጣው የሚያነብ ተማሪን ነው። ስህተቱን በጽሑፍ አሳወቅን። ማስተካከያ አልመጣም። የልጆቹ ማርክ እንደነበረ ቀረ።

አምስተኛ፣ ልጆቹ አይጽፉም። ይህን ለመረዳት የክፍላችንን ሁኔታ ማየት በቂ ነው። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ፈተናው ሁሉ ምርጫ ነው። «ኢዝ» ወይስ «አር» የሚለውን አክብቦ የሚያገኝ ልጅ ስለ ራሱ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ ሲባል ይቆማል። ማክበብና መጻፍ የተለያየ ችሎታ ይጠይቃሉ። ስህተት የሚታየው ልጁ የራሱን ሐሳብ ሲጽፍ ነው። የአባቷን «ዜይ» ያገኘነው በምርጫ ጥያቄ አይደለም፤ ልጅቷ ስለ አባቷ ስለጻፈች ነው። የተወሰደብን የጽሑፍ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምናይበት ብቸኛው መስኮት ነበር።

እንግሊዝኛ በትምህርት ቤታችን አንድ ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጮህን ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን አደረገ። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የባዮሎጂ መምህሩ ባልደረባችን የሚነግረን ይህንኑ ነው። ጥያቄው «ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ» ብሎ ጀምሮ በ«ኤክሰፕት» ያልቃል። ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል። «በስተቀር» የምትለዋን ቃል ግን አያያትም፤ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ነገር ያከብባል፤ ይወድቃል። በሒሳብም «አት ሊስት» እና «አት ሞስት» ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ።

ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አንልም። ሆኖም የሁሉም ፈተና ጥያቄ ማለት ይቻላል የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ የሚሰናከሉባትን «ኤክሰፕት» ትተን «ኩድ ኦቭ» ላይ ሳምንት ስናጠፋ ያመናል።

ስድስተኛው ቅሬታ ለእኛ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የሚለጠፈው ዝርዝር። በየሳምንቱ የእያንዳንዱ ተማሪ ስም ከስህተቱ ብዛት ጋር ግድግዳ ላይ ይወጣል። ይህ ከተጀመረ በኋላ በክፍል ውስጥ እጅ የሚያወጣ ልጅ ቀነሰ። በተለይ ሴቶቹ ዝም አሉ። አንዲት ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ብዙ ስህተት አለበት፤ ግን ደፋር ናት፣ ታወራለች፣ በሚኒ ሚዲያ ክበብም በእንግሊዝኛ ታነብ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ስሟ ከታች ወጣ። ልጆቹ ሳቁባት። አሁን ማይክ አትነካም። ስንጠይቃት «እሳሳታለሁ» ነው መልሷ።

የሚሳሳት ልጅ እየሞከረ ያለ ልጅ ነው። ዝም ያለ ልጅ ስህተቱ አይታይም፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ጥሩ ተማሪ ይመስላል። ባዶ ወረቀት የሚሰጥ ተማሪ ከሚጽፍ ተማሪ ያነሰ ስህተት ተቆጥሮለት የላይኛውን ደረጃ ያገኘበት ሳምንት አለ። ይህን በዓይናችን አይተናል።

እዚህ ላይ ለቢሮው ብቻ ሳይሆን ለሕዝብም አንድ ነገር እንላለን። በማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ባለሥልጣን ወይም ስፖርተኛ እንግሊዝኛ ሲሳሳት ቪዲዮው ይቆረጥና አገር ይስቅበታል። ተማሪዎቻችን ያንን እያዩ ነው ክፍል የሚመጡት። ሁለትና ሦስት የአገሩን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው በአራተኛው ቢሰናከል ምን ያስቃል? ቢሮው ይህን ልማድ ያስቆማል ብለን ስንጠብቅ ወደ ግድግዳችን ስላመጣው አዝነናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የስም ዝርዝር መለጠፍ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ስብሰባም አይጠይቅም። አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

የጽሑፍ ክፍለ ጊዜያችን ይመለስልን። ጥራዙ ታግዶ ይቆይ። የመምህራን የአፈጻጸም ነጥብም ከጥራዙ ጋር መያያዙ ይቅር። ነጥብ የሚቆረጥበት መምህር ትክክለኛውን እያወቀ ስህተት ለማስተማር ይገደዳልና።

የሞዴል ፈተናው የመልስ ወረቀት ታርሞ ለሁሉም ትምህርት ቤት ይላክ። በነዚያ ጥያቄዎች ማርክ የተቀነሰባቸው ልጆች ይስተካከልላቸው። ወደፊትም የፈተና መልስ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ ሁለት የሚያስተምሩ መምህራን ይዩት።

አዲስ መመሪያ ይዘጋጅ ከተባለ ከልጆቻችን ደብተር ይነሳ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ጽሑፍ ስማቸውን አስቀርቶ ያዋጣ። አማርኛና ሌሎች የክልሉን ቋንቋዎች የሚያውቁ መምህራን አንድ ላይ ተቀምጠው ስህተቶቹን ከነምክንያታቸው ይለዩ። በጥቂት ትምህርት ቤቶች ይሞከር፤ ከዚያ ይታተም። የምክንያቱ ማብራሪያ ልጁ በደንብ በሚረዳው ቋንቋ ይጻፍ። እኛ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ደብተሮች የሰበሰብነው አለን፤ ሳናስከፍል እንሰጣለን። ቅዳሜ መጥታችሁ ብትወስዱትም፣ ይዘን እንምጣ ብትሉንም ዝግጁ ነን።

በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ውስጥ ቢያንስ አንድ አንቀጽ የማስጻፍ ጥያቄ ይግባ። ከ60 በላይ ተማሪ ያለውን ክፍል ጽሑፍ ማረም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ለእርማት የሚሆን ሰዓት ከሥራ ጫናችን ላይ ይታሰብልን። ይህ ካልታሰበ ትዕዛዙ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ልጆቹም ወደ ማክበብ ይመለሳሉ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እስከ መንፈቅ ዓመቱ ፈተና መጀመሪያ ድረስ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ሱፐርቫይዘር ልካችሁ ክፍላችንን ብታዩም በደስታ እንቀበላለን። ስትመጡ ግን ጥራዙ ስንተኛ ገጽ ላይ ደረሰ ብላችሁ አትጠይቁን። የልጆቹን ደብተር ክፈቱና አንብቡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የአንድ ወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ዲፓርትመንት መምህራን፣
በዲፓርትመንቱ ተጠሪ አማካይነት

ግልባጭ፦
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት